አባ ይርዳው በጫንቃቸው የተሸከሙት

ባለፈው ሳምንት በአሽዶድ ከተማ ሮቫ ሔት በሚባለው ሰፈር ሳልፍ፣ አዲስ አጥር ለማጠር በተቆለለ የተጠረበ ድንጋይ ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። የራሰው ድንጋይ ሽታ ባለሁበት አቆመኝና አባ ይርዳው ትዝ አሉኝ። ያየሁትንና የሰማሁትን በቅጡ መለየት ከሚያቅትበት ዕድሜ ስለ ደረስሁ ትዝታዬን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

አባ ይርዳው በልጅነቴ፣ በጎንደር ገጠር፣ ኦሪት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አለንጋ አይዙም ነበር። አንድ ዓመት የክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅ ታመመና እኛ ቤተ እስራኤሎች «ቡዳዎቹ በሉት» ተባልን። ጎረምሶቻችን ዱላ ሲመርጡ እሳቸው ከወንዝ ዳር ጥቁር ድንጋይ አነሡ፤ በጫንቃቸው ተሸክመው ከጎረቤቱ ደጃፍ ጎንበስ ብለው ቆሙ። በአገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት የሚለምን በዳይ ነው፤ እሳቸው ግን ማንንም አልበደሉም። ባለቤቱ አፍሮ ወጣና ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደላቸው። ምናልባት ያወረደችው ሚስቱ ትሆናለች። በሩ መከፈቱን ግን አልጠራጠርም ነበር።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ እሳቸውም እኔም ወደ እስራኤል ከመጣን በኋላ፣ አሽዶድ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ጎረቤታሞች ሆንን። የልጅ ልጃቸው ሺራ ለትምህርት ስትደርስ በሰፈሩ ያለው ትምህርት ቤት አልተቀበላትም። «ቦታ ሞልቷል» አሉ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ነጭ ጎረቤታችን ግን ከዚያ በኋላ ሄዳ ልጇን አስመዘገበች።

የሺራ ወንድም ኤሊ ከውትድርና ገና መመለሱ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር የትምህርት ቤቱን መስኮት ሊሰባብር ሲነሣ፣ አያቱ ከግንባታ ቦታ ያመጡትን ድንጋይ አሳዩት።

«አባባ፣ የበደሉን እነሱ፣ ድንጋይ የሚሸከሙት አንቱ? ጉድ እኮ ነው!»

«የበደለማ ያፍራል ልጄ፤ መች ደፍሮ ይመጣል? መንገዱን የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል።»

«እዚህ አገር ድንጋይ ለመወርወር ነው የሚያዝ።»

አባ ይርዳው ሳቁ። «ከጫንቃው ላይ የሚወረውር አይተህ ታውቃለህ? አንተ ደግሞ!»

ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ድንጋዩን በጫንቃቸው ተሸክመው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ሺራ አዲስ ቦርሳዋን አንግታ የእናቷን እጅ ይዛ ነበር፤ ኤሊና እኔ ከኋላ ተከተልን። የበሩ ጠባቂ ድንጋዩን ገና ከሩቅ አይቶ በዕብራይስጥ ጮኸ። አባ ይርዳው ቋንቋውን እምብዛም አያውቁም ነበርና የተጠሩ መስሏቸው ይመስለኛል፣ አንገታቸውን ይበልጥ ደፍተው ተጠጉ። ጠባቂው ገፈተራቸው። አስፋልቱ ላይ ሲወድቁ ድንጋዩ ቀኝ እጃቸው ላይ አረፈ። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ፤ ወይም ዛሬ የሰማሁ ይመስለኛል። ኤሊ የጠባቂውን አንገት አነቀ።

«ልቀቀው!» አሉ ከወደቁበት። «ኤሊ፣ ልቀቀው! ፈርቶ ነው፤ የሰው ልጅ ነው!»

ኤሊ ለቀቀው። ከውስጥ የወጣ ሰው አልነበረም።

ሺራ በአውቶቡስ ወደ ሌላ ሰፈር ትምህርት ቤት ተላከች። የአባ ይርዳው እጅ እንደገና አልተጨበጠም። በዝናቡ ወራት አልጋ ላይ ሆነው፣ «ልጅቱን ተቀበሏት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። መልሱን ሳይሰሙ ሞቱ። ያ የልጅነት መንደሬ በር በእውነት ተከፍቶ ነበር ወይ ብዬ ራሴን የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ትተውልን ያለፉት አንድ ልማድ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት እንዳይገባ በተከለከለ ቁጥር ነጭ ለብሰን፣ ምንም ሳንይዝ፣ ምንም ሳንናገር፣ ከበሩ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ዘንድሮም ተቀመጥን። የተከለከለችው የኤሊ ልጅ ነበረች። ደወሉ ተደወለ፤ ሌሎቹ ሕፃናት ገቡ። ኤሊ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ጠባቂውን «ቦከር ቶቭ» አለው፤ እንደምን አደርክ ማለት ነው። ጠባቂው ፊቱን አዞረ። ከዚያ ኤሊ እጄን ይዞ አስነሣኝና ሦስታችን ወደ ሌላው ሰፈር ትምህርት ቤት ወደሚወስደው አውቶቡስ ሄድን።