የአባቴ ፊት፣ የሌላ ሰው ደረት

አባቴ ባረፈ በማግስቱ ጠዋት ከእድሩ ድንኳን በር ላይ ሰው የሚያህል ባነር ተሰቅሎ አየሁ። ፊቱ የአባቴ ነው። ከአገጩ በታች ያለው ግን አባቴ አይደለም። ሰፊ ደረት ነው፤ ትከሻው ላይ የኮሎኔል ማዕረግ አለ፤ አባባ በእጁ ነክቷቸው የማያውቅ ሜዳሊያዎችም ተደርድረውበታል። ከስሙ ፊት በወርቅማ ፊደል «ኮሎኔል» ተብሎ ተጽፏል። አንገሸገሸኝ።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር። በልጅነቱ ውትድርና ገብቶ፣ ጉልምስናውን በየምሽጉ ጨርሶ፣ ጦሩ ሲበተን ይዞት የወጣው ማዕረግ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ መካኒሳ አቦ አካባቢ የአንድ ፋብሪካ በር ሲጠብቅ ኖረ። እኛን ያሳደገን ያ በር ነው። ላፍቶ ውስጥ ሰፈርተኛው ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» እያለ ነበር የሚጠራው። አክብሮ «ሻለቃ» የሚለው ሰው ሲያጋጥመው ቆም ብሎ ያርመዋል፤ ታክሲ ውስጥም ቢሆን ያርማል። አንድ ቀን ለምን እንደዚህ ችክ እንደሚል ስጠይቀው፣ «ከኔ ጋር የነበሩት ልጆች በዚህ ስም እየጠሩኝ ነው የሞቱት። ሌላ ስም ካወጣሁ ማን ብለው ይፈልጉኛል?» አለኝ።

የቤት ሰው ነበር። ከአዳር ሥራው ሲመለስ የጥበቃ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ በረንዳው ላይ ይቀመጥና የሁላችንንም ጫማ ይጠርጋል። ያን ጊዜ የላፍቶ ጭቃ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ነበር። አባባ ጭቃውን በእንጨት ፍቆ፣ በጨርቅ አብሶ፣ ቀለም ቀብቶ በየቁመታችን በር ላይ ይደረድረዋል። ከዚያ በኋላ ነው የሚተኛው። ታላቅ ወንድሜም በዚያ ጫማ ነው የተማረው።

ባነሩን ያሠራውም እሱ ነው። ወንድሜ ቤት ያሻሽጣል፤ አፉ ቅቤ ነው። ውሸቱን የጀመረው ሚስቱን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ ነበር። የልጅቷ ቤተሰቦች ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ የጥበቃ ልጅ መባሉን ፈርቶ አባታችንን በአንድ ጀንበር ኮሎኔል አደረገው። በሠርጉ ዕለት የሙሽራዋ አባት ብርጭቆ አንስተው «ክቡር ኮሎኔል» ሲሉ አባባ ከመቀመጫው ተነስቶ «ሃምሳ አለቃ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ። ወንድሜ ሳቀ። ዓይኑን በጨው አጥቦ «አባባ ቀልድ ይወዳል» አለ። ሰዉም ተከትሎት ሳቀ። አባባ ቁጭ ብሎ ሹካውን ወደ ጎን ገፋ አደረገና እስከ መጨረሻው ምግብ አልነካም። ያን ቀን የተጸየፍኩት ወንድሜን ብቻ አልነበረም፤ አዳራሹን የሞላውን ሳቅ ጭምር ነው።

አሁን ደግሞ ሬሳው ቤት ውስጥ ተኝቶ ይኸው። ከሰዓት በኋላ ሀና ማርያም እንቀብረዋለን። ባነሩ ከፊት ይሄዳል፣ የሕይወት ታሪኩም በኮሎኔልነት ይነበባል።

«አውርደው» አልኩት ወንድሜን።

«አንቺ ደግሞ! አባትን ማክበር ነውር ሆነ?»

«ሃምሳ አለቃነቱ ምኑ ነው የሚያሳፍረው?»

«ቀስ በይ» አለ ወደ ድንኳኑ እያየ። የሚስቱ ቤተሰቦች ከፊት ተቀምጠዋል። «አማቶቼ ፊት አታዋርጂኝ። ነገ አወርደዋለሁ።»

ነገ! ከተቀበረ በኋላ!

በዚህ መሃል ከአባባ ጋር የዘመቱ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ባነሩ ፊት ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ልብሱ የአሁኑ ጦር ነው» አለ ክራንች የያዘው። «የኛ ጦር ከተበተነ በኋላ የመጣ ነው። እሱ ይሄን መቼ ለበሰ?» ወንድሜ ይህን እንኳ አላወቀም። ማተሚያ ቤቱ ከኢንተርኔት ያገኘውን የማን እንደሆነ የማይታወቅ ደረት ቆርጦ ለጥፎለታል፤ እሱም ማዕረጉን ብቻ አይቶ ተቀብሏል። የአባቱን ወጣትነት የበላውን ጦር ልብስ አይለይም።

ከዚያ እማዬን ሴቶች ደግፈው ከቤት አወጧት። ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው አፍንጫዋ እስኪነካው ድረስ ወደ ባነሩ ተጠጋች። አባባ ከጆሮው ሥር ወደ አንገቱ የሚወርድ የጥይት ጠባሳ ነበረው። ባነሩ ላይ ግማሹን ኮሌታ ሸፍኖታል፣ ግማሹን ማተሚያ ቤቱ አለስልሶ አጥፍቶታል።

«ጠባሳው የታለ?» አለች።

«እንዲያምር ብለን ነው፣ እማዬ» አለ ወንድሜ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«አባባ ነው እኮ!»

«አላውቀውም። ለማላውቀው ሰው አላለቅስም። እሱን ይዛችሁ ቅበሩት፤ እኔ ከባሌ ጋር እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ተመልሳ ገብታ ሬሳው አጠገብ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ዘመዶች ቢለምኗት፣ የእድሩ ዳኛ ቢለምኗት ወይ ፍንክች። የቀብሩ ሰዓት ደረሰ፣ የሬሳ መኪናው በር ላይ ቆሞ ቀረ። ወንድሜ ግን አሁንም ከባነሩ ይልቅ አማቶቹን ነበር የሚያየው።

ስልኬን ይዤ መንገድ ዳር ወዳለው ፎቶ ቤት ሮጥኩ። ባለፈው ክረምት ያነሳሁት ፎቶ ነበረኝ። አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ አሮጌው የጥበቃ ካፖርት ትከሻው ላይ ነው፤ በአንድ እጁ የልጄን ጫማ፣ በሌላው ብሩሽ ይዟል። የሸሚዙ ቁልፍ ስለተከፈተ ጠባሳው በሙሉ ይታያል። አሳትሜ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ለእማዬ አመጣሁላት።

ተጠግታ አየችው። ጣቷን አንገቱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ያ ሁሉ ዝምታ ተቀደደ።

«ሃምሳ አለቃዬ!» ብላ ጮኸች። «በር ጠባቂዬ! ጫማ ጠራጊዬ! የልጆቼ አባት!» ፎቶውን እንዳቀፈች ወደ ድንኳኑ ወጣች፣ በወንድሜ አማቶች ፊት እየጮኸች አለፈች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቀበሏት። «ሃምሳ አለቃ! ሃምሳ አለቃ!» አሉ፤ ሰፈርተኛው ተከተላቸው። ሬሳው በትከሻ ላይ ሆኖ ወደ መኪናው ተነሳ።

ወደ ኋላ ዞር ስል ወንድሜ ብቻውን ባነሩን አውርዶ ይጠቀልላል። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር የቆመው ጭቃ ላይ ነው። ጫማው እስከ ማሰሪያው በጭቃ ተለውሷል፤ የሚጠርግለትን ሰው እኛ ተሸክመን እየሄድን ነበር።