የወንዳወቅ ኮምፒውተር

ቡሬ ላይ ሰው ሁሉ «የወንዳወቅ ኮምፒውተር» ይለው ነበር። ወንዳወቅ ግን አንድ ቀን እንኳ ፊቱ ቁጭ ብሎ አያውቅም። እሱ ካሜራውን አንግቶ ከሠርግ ሠርግ የሚዞር ሰው ነው፤ ቀርጾ ይመጣል፣ ካሴቱን ጠረጴዛ ላይ ይወረውራል፣ እግሩን ታጥቦ ይተኛል። የቀረውን የምትሠራው ሚስቱ ፍሬሕይወት ነበረች።

የሥራ ቦታዋ የመኝታ ቤቱ ጥግ ነው። አናጢ በባሕር ዛፍ ጣውላ የሠራላት ጠረጴዛ፣ ጀርባው እንደ እርጉዝ ሆድ የተነፋ ስክሪን፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቋ! የሚል ስታቢላይዘር፣ ከሥር ደግሞ ክዳኑ የወለቀ ሲፒዩ። ክዳኑን ያወለቀችው ሃርድ ዲስኩ እንዲነፍስበት ነው፤ ሲሞቅ ሥራ እንደሚበላ ያስተማራት የለም፣ ሲበላባት ነው ያወቀችው። ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዘፈን ታስገባለች፣ የሙሽሮቹን ስም በአበባ ታጅባለች። ሲዲው ላይ የሚጻፈው ግን «ወንዳወቅ ቪዲዮ» ነው። የምትጽፈውም ራሷ። እንግዲህ በማን ይፈረዳል?

በሚሊኒየሙ ዋዜማ ዓመት፣ የሠርጉ ወራት ሊያልቅ ሲል፣ ወንዳወቅ ከሠርግ ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ደምበጫ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ካሜራው አብሮት ደቀቀ።

ፍሬሕይወት አላለቀሰችም። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እሷ ጉልበቷ ላይ የተቀመጡትን እጆች ታያለች፤ የማን እንደሆኑ ያላወቀች ትመስል ነበር። ውኃ ሲሰጧት ትጠጣለች፣ ተነሺ ሲሏት ትነሣለች። «ደንዝዛለች» አሉ። ልክ ነበሩ።

ለአርባው ድንኳን ተጥሎ የሟቹ ልብስ እንደ ልማዱ ለንስሐ አባቱ ተሰጠ፤ ካፖርቱ፣ ጋቢው፣ ጫማው፣ ሁሉም ለነፍሱ። ይኼኔ የወንዳወቅ ታላቅ ወንድም ደጀኔ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ወንድሜ እንጀራ የበላው በኮምፒውተሩ ነው። እሱም ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ይሰጥልኝ። በሠሩበት ቁጥር ስሙን ይጥሩት።»

«እሰይ! ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» አለ ድንኳኑ።

ጎረቤቷ አስካለ ማርያም ብቻ፣ «እንዴ፣ እሷስ? ትጠየቅ እንጂ» ብላ ነበር።

«ሐዘንተኛ ምን ይጠየቃል? አንቺ ደግሞ!» አሏት።

ሁለት ጎረምሶች ገብተው ሽቦውን እንደ ሐረግ መንቀል ጀመሩ። ፍሬሕይወት ቁጭ ብላ አየች። ከወንዝ ማዶ የሌላ ሰው ቤት ሲፈርስ የምታይ ያህል ነበር። ደግሞስ ምን ትበል? ሐዘንተኛ ስለ ዕቃ ከተነፈሰች «የባሏ አፈር ሳይደርቅ ንብረት ቆጠረች» ትባላለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅን አፏን እንይዛለን፤ ከያዝን በኋላ ዝምታዋን ፈቃድ ብለን እንጠራዋለን።

ከፋሲካ በኋላ አቶ ላቀው የሚባሉ ገበሬ ከገጠር መጡ። በጥር ሴት ልጃቸውን ሲድሩ የቀረጸላቸው ወንዳወቅ ነበር። «ነፍስ ይማር» ብለው ተቀመጡና ጥቂት ቆይተው፣ ፈራ ተባ እያሉ ጀመሩ።

«እንደው እንዴት ብዬ ልበልሽ ልጄ... ባለቤቴ፣ የሙሽራይቱ እናት፣ በሠርጉ ቀን ታማ ጓዳ ተኝታ ነበር። ልጇ ስትወጣ አላየቻትም። አሁን ብሶባታል፤ ‹ሳልሞት አሳዩኝ› እያለች ነው። ካሴቱን ብትሰጪኝ ሌላ ሰው ይሠራልኝ ነበር።»

«ካሴቱ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል፣ አባባ።»

ካሴት ውድ ነው፤ ፍሬሕይወት ወደ ኮምፒውተሩ ከገለበጠችው በኋላ ወንዳወቅ ያንኑ ይዞ ወደሚቀጥለው ሠርግ ይሄድ ነበር። የአቶ ላቀው ልጅ ሠርግ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ብቻ ነው።

«እዚሁ ይጠብቁኝ» አለችና ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ወጣች።

በደብሩ ጽሕፈት ቤት ዲያቆን ባንተአምላክ በሁለት ጣቱ ፊደል እየለቀመ ደብዳቤ ይጽፋል። ንስሐ አባቷ መምሬ ወልደ ገብርኤል አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«ግቢ ልጄ። የባልሽን ዕቃ ልታዪ መጣሽ? ነፍሱን ይማረው፣ ከእጅ ጽሕፈት ገላገለን።»

«አንድ ሠርግ ልወስድ ነው፣ መምሬ። ውስጡ ነበረ።»

ዲያቆኑ ዞረ። «ኧረ እትዬ፣ ጸድቷል! ከፍኖተ ሰላም ባለሙያ አምጥተን ፎርማት አስደረግነው። ያን ሁሉ ዘፈንና እስክስታ ይዞ እንዴት ከመቅደስ አጠገብ ይደር? ጸበልም ተረጭቷል። ከላይ ከላይ ነው፣ አይፍሩ።»

«ሁሉም ጠፋ?»

«ሁሉም! ዛሬ እንደ ተወለደ ሕፃን ነው።»

እስከ ዱርቤቴ ድረስ ያሉ ሙሽሮች፣ ስንት ክረምት ቁጭ ብላ የቀጣጠለችው ሥራ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጸድቶ ነበር። ሊሰማት ይገባ ነበር። አልተሰማትም። አፏ ብቻ ተናገረ።

«መምሬ፣ ይህ ዕቃ የእኔ ነው።»

«የባልሽ ማለትሽ ነው።»

«የእኔ። እናቴ የሰጠችኝን ላም ሸጬ ነው የገዛሁት። ወንዳወቅ ማብራቱንም አያውቅበትም። ለነፍሱ የእሱን ስጡለት፤ የእኔን ሰጥታችሁ በሰው ላብ አታስጠይቁት።»

«እና ያኔ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ደጀኔ ቢሰማ...»

«ይስማ።»

መምሬ፣ «ለነፍስ የተሰጠን ነገር መልሶ መውሰድ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። መስቀላቸውን በእጃቸው አገላብጠው፣ «ንቀልላት» አሉ።

«መምሬ፣ ደብዳቤው ግማሽ ደርሷል እኮ!»

«በእጅህ ጨርሰው! እጅ የለህም?»

ዕቃውን በጋሪ አስጭና ስትመለስ አቶ ላቀው ከነዱላቸው እዚያው ተቀምጠዋል። ጋሪውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ተገኘ?»

«ተሰርዟል፣ አባባ።»

«ማን ሰረዘው?»

ዲያቆኑ ነው ልትል አሰበች። ደጀኔንም አሰበች። «ሲወስዱት ዝም ብዬ አየሁ» አለች።

አቶ ላቀው መሬት መሬት አዩ። «እንግዲህ እናቷን ምን ልበላት?»

ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። ሰው ሁሉ ከዚያ ቤት ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እግዜር ያጽናሽ» ይል ነበር። እሳቸው አላሉም። ረስተው ይሁን ተቀይመው፣ ቀጥ ብለው ወደ መናኸሪያው ወረዱ።

ያ አመማት። ሲፒዩውን ከጋሪው አውርዳ፣ ደጁ ላይ ተቀምጣበት፣ ዓይታት ለማታውቅ በሽተኛ ሴት አለቀሰች፤ ጮክ ብላ፣ ንፍጧ እስኪወርድ።

ጎረቤቶቹ ከየደጃቸው ብቅ ብቅ አሉ። «እሰይ፣ እሰይ» ተባባሉ፣ «ባሏን ማልቀስ ጀመረች።»