የአጎቴ ነጭ

አጎቴ ፎቶ ቤት ውስጥ ፎቶ በኮምፒውተር ያስተካክላል። ኮምፒውተሩ የተገዛ ቀን ሻጩ አንዲት ነጭ ካርድ ሰጥቶ፣ «የስክሪንህን ነጭ ከዚች ጋር አመሳስል» አለው። ከዚያ ወዲህ ካርዷ ከደረት ኪሱ ተለይታ አታውቅም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስክሪኑን በሷ ያስተካክላል።

ካርዷ በላብና በፀሐይ ሻይ መስላለች፤ ስክሪኑም ተከትሏት ሻይ ሆኗል። እሱ ግን ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ቢጫ ሆኑ እያለ ሰማያዊ ይጨምርባቸዋል። ሙሽራ ሁሉ ታንቆ የተረፈ መስሎ ይታተማል። ደንበኛ ሲቆጣ፣ «ዓይንህን ታከም» ይላል። አዲስ ካርድ ገዝቼ ብሰጠው አገላብጦ አየና፣ «ይቺ ታማለች» ብሎ መለሰልኝ።

በቃኝና አሮጌዋን ልሰርቃት ስል እጄን የያዘችኝ ሚስቱ ናት። ለካ በየማለዳው ካርዷን ወደ ፀጉሯ አስጠግቶ፣ «ነጭ አይደለም» ይላታል።

«ተዋት» አለችኝ፤ «በሷ ገና አልሸበትኩም።»