«አይ ዩዝድ ቱ» ብዬ የጻፍኩ ጊዜ

ከቢቸና የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታኝ «ሙያሽን ማንም አይነጥቅሽም፣ አይዞሽ» አለችኝ። አመንኳት። ሞጣ ላይ አሥራ አንድ ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ፤ አምቡላንሱን ጭቃ ይዞት ሲቀር እግሩን አስቀድሞ የመጣ ሕፃን በሰላም ያወጣሁ ሴት፣ ምን ያስፈራኛል?

እንግሊዝ ገብቼ የሥራ ፈቃድ እንዳገኘሁ፣ አንድ ሆስፒታል ለማዋለጃ ክፍሉ ረዳት እንደሚፈልግ ሰማሁና ፎርም ሞላሁ። የሥራ ልምድ በሚለው ቦታ «አይ ዩዝድ ቱ ደሊቨር ቤቢስ» ብዬ ጻፍኩ። ማዋለድ ለምጃለሁ ማለቴ ነበር። መልሱ መጣ፦ ሥራውን ያላቋረጠ ሰው ነው የምንፈልገው።

ደሜ ፈላ! በማግስቱ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ፎርሙን ያየችው ሴትዮ በፈገግታ ተቀበለችኝ። ሞጣ ቢሆን አለቃዬ ይጮህብኛል፣ እጮህበታለሁ፣ ከዚያ ሻይ ይጋብዘኛል። እዚህ ግን ሲከለክሉሽም ፈገግ ብለው ነው።

«ማዋለድ መቼ አቆሙ?» አለችኝ።

«ማን አቆመ? ልመጣ ሳምንት ሲቀረኝ እንኳ ሳዋልድ ነበር!»

«ድሮ አዋልድ ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ ብለው ጽፈዋል እኮ።»

«እኔ? የቱ ጋ?»

በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችኝ። ለምጃለሁ ለማለት «አይ አም ዩዝድ ቱ ደሊቨሪንግ» ነው የሚባለው። እኔ ከጻፍኩት ውስጥ ግን «አም» የለም፣ «ኢንግ» የለም።

«ታዲያ አሁን ላስተካክለዋ!»

«ቦታው ተይዟል። መልካም ዕድል።»

አሥራ አንድ ዓመቴን በአንዲት «አም» ሰረዙት! አዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፎርም የምትሞሉ እህቶቼ፣ እባካችሁ ለሚያውቅ ሰው ሳታሳዩ አትላኩ። ግን ስልኬ እዚያው ፎርሙ ላይ ተጽፎ ነበር። ደውለው አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?

አሁን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። ሁለት ጊዜ እንደገና አመለከትኩ፣ በትክክል ጽፌ። መልስ የለም።

ባለፈው እሁድ እናቴ ደወለች።

«ልጄ፣ አገሩን ለመድሽው ወይ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ሰማሽኝ? ለመድሽው ወይ?»

«እማዬ» አልኳት፣ «ጤፉ ታጨደ?»