ይቀጥላሉ ወይስ ያቆማሉ?

ከቤት የወጣሁት እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልክ ድሮ የቴሌቪዥኑ ጥያቄና መልስ በሚጀምርበት ሰዓት። ታክሲው ኮልፌ በራችን ላይ ቆሞ ክላክስ ሲያደርግ አባባ ሻንጣዬን ይዞ አልለቅም አለ። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ "ልጅቷ አውሮፕላን ሊያመልጣት ነው፣ ልቀቃት እንጂ!" ብለው ሲቆጡት ነው የለቀቀው። "ሁለት ዓመት ብቻ ነው አባባ፣ አይዞህ" አልኩት። ጦር ኃይሎች እስክንደርስ አለቀስኩ፤ እዚያ መንገዱ ተዘጋግቶ ሲጠብቀን ደግሞ ለቅሶዬን ትቼ ሾፌሩ ላይ መነጫነጭ ጀመርኩ። ይኸው ስድስት ዓመቴ፣ ቤይሩት ነኝ።

እናንተ በደወልኩ ቁጥር ስለ ባሕሩ ትጠይቁኛላችሁ። ባሕሩን የማየው ከሰባተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ነው። ዝናቡ እንኳ የተገለበጠ ነው፤ እናንተ በታኅሣሥ ፀሐይ ስትሞቁ እዚህ ዶፉን ያወርደዋል። ምግባቸው ለውዝ የተበተነበት ሩዝ ነው፤ ሚጥሚጣ ያላየ ምላስ ምን ያውቃል! አሠሪዬ ማዳም አትመታኝም፣ አታስርበኝም፣ እውነቱን ልናገር። ስትወጣ ግን በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች፤ ፓስፖርቴም ቁም ሳጥኗ ውስጥ ነው። "ታዲያ ምን ጎደለሽ?" የምትሉኝ አላችሁ። በር ነዋ! በር ጎደለኝ!

ከምሳ በኋላ ማዳም ሶፋ ላይ ተጋድማ የሽልማት ፕሮግራም ታያለች፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ልብስ እተኩሳለሁ። ተወዳዳሪዎቹ ይጮኻሉ፣ ይዘላሉ፣ ጠያቂውን ያቅፉታል። "በቃኝ፣ አቁሜያለሁ" ሲሉ ደግሞ እግራቸውን መሬት ላይ መትተው ነው። የእኛዎቹ ትዝ ይሉኛል። ኮታቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን አጣምረው ይቆሙና ተሸንፈው እንኳ "አመሰግናለሁ" ብለው እጅ ነስተው ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያላቸው እትዬ ውዴ ብቻ ነበሩ። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንገባለን፤ ዳንቴሉ ከቴሌቪዥኑ ላይ ይነሳል፤ ከዚያ ትንፍሽ ያለ ወዮለት። ከአባባ በስተቀር፤ እሱ መልሱን ከተወዳዳሪው ቀድሞ ይናገራል። አባባ ልብስ ሰፊ ነው፣ ግን ከስፌት ማሽኑ ሥር አሮጌ ጋዜጣ ጠፍቶ አያውቅም።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አባባ ራሱ ለውድድሩ ተጠራ። ሱፉን በገዛ እጁ ሰፍቶ ሄደ። ፕሮግራሙ ቀድሞ የሚቀረጽ ስለሆነ፣ የሚተላለፍበት እሁድ አባባ እኛው መሃል ተቀምጦ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተነፈሰም። አቤት ሲመልስ! አንዱንም ሳይስት ባለሁለት ስፒከር ቴፕ ላይ ደረሰ። ጠያቂው ፈገግ ብሎ "አባቴ፣ ቴፑን ይዘው ያቆማሉ ወይስ ለቴሌቪዥኑ ይቀጥላሉ? ከሳቱ ቴፑም ይቀራል" አለው።

"አቁም! አንተ ሰውዬ፣ አቁም!" እትዬ ውዴ ቴሌቪዥኑ ላይ ጮኹ፤ ሰውዬው አጠገባቸው ተቀምጦ!

በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አባባ አንገቱን ደፍቶ "እንግዲህ... ካላችሁ... እቀጥላለሁ" አለ። ማን ነው እንዲህ ያለው? ማንም አላለውም! ጥያቄው ስለ አንድ ሩቅ አገር ወንዝ ነበር፤ አላወቀውም። ለማጽናኛ ጃንጥላ ሰጡት፣ እሱንም እጅ ነስቶ ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ፌርማታው ላይ "አባባ፣ ይቀጥላሉ ወይስ ይወርዳሉ?" ይሉት ነበር። እሱ አብሮ ይስቃል፤ እኔ በንዴት እቃጠላለሁ። "አቆማለሁ" ማለት ምን ይከብዳል? አፍ የለውም? እያልኩ ለዓመታት ተናድጄበታለሁ።

እንግዲህ ስሙኝ። ሁለት ዓመቴ ሲያልቅ ማዳም "እናቴ ታማለች፣ በዚህ ሰዓት ጥለሽኝ አትሂጂ፤ ትኬትሽን ቡክራ" አለችኝ። ቡክራ ነገ ማለት ነው። እሺ አልኩ። አራት ዓመቴ ሲያልቅም እንደዚያው። ዘንድሮ ግን የአባባ ዓይን እየጠፋ ነው። ሐኪሙ የቀረችው ብርሃን ብዙ እንደማትቆይ ነግሮታል፤ ቴሌቪዥን የሚያየው በጆሮው ሆኗል። ፊቴን ሳያይ እንዲቀር አልፈልግም፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። ይህን ለማዳም ነገርኳት። "ሰኞ መኖሪያ ፈቃድሽን ለማደስ ቢሮ እንሄዳለን፤ የማትፈልጊ ከሆነ ለሰውዬው ራስሽ ንገሪው" አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ባኞ ቤት ተዘግቼ "ማደስ አልፈልግም፣ አገሬ መሄድ እፈልጋለሁ" የሚለውን በዓረብኛ ስለማመድ ከረምኩ።

ሰኞ ደረሰ። ጸሐፊው ቀና ሳይል "ስሟ?" አለ።

"ላይላ" አለች ማዳም።

"ወረቀቱ ጽጌ ነው የሚለው።"

"እሱ ለመጥራት ያስቸግራል።"

"ለእኔ አላስቸገረኝም" አለና ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚህ አገር በስሜ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው! "ጽጌ፣ አንቺ ማደስ ትፈልጊያለሽ?"

አፌ ውስጥ ነበር፣ ተዘጋጅቶ። ማዳም ዞር ብላ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገችና ፈገግ አለችልኝ። "ልጄ እኮ ናት" አለችው። ከኋላችን ሰልፍ አለ፣ ሰው ሁሉ ያየናል። አንገቴን ደፋሁ።

"ታይብ" አልኩ። እሺ ማለት ነው።

"ኻላስ" አለ ጸሐፊው፤ አለቀ ማለት ነው፤ ማኅተሙን መታው። ሁለት ዓመት።

በማግስቱ ከበረንዳው ላይ ለአባባ ደወልኩ። በቴሌቪዥኑ ድምፅ መሃል "መቼ ነው የምትመጪው?" አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ቴሌቪዥኑን ሲዘጋው ተሰማኝ።

"አባባ፣ ያን ጊዜ ለምን አላቆምክም?" ጠይቄው አላውቅም ነበር።

"ጠያቂው ልጅ ፈገግ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሰው ሁሉ ያየኛል። እንዴት አድርጌ እምቢ ልበለው?" አለና "አንቺስ?" አለኝ።

"ፈገግ አለችልኝ፣ አባባ።"

 ከዚያ "እስቲ ያላልሽውን አሁን ለእኔ በይው" አለኝ።

"አቆማለሁ።"

"አልሰማሁሽም።"

"አቆማለሁ!" ጮኽኩ። ማዶ ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ዞር ብላ አየችኝ።

"ላይላ! ምንድን ነው?" አለች ማዳም ከውስጥ።

"ምንም የለም ማዳም" አልኳት። "መጣሁ።"