ናኦድ ያልተጫወተበት ፍጻሜ

ባለፈው ታኅሣሥ ዳላስ አጠገብ ባለችው አዲሰን ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን እያየ ይነጫነጭ ነበር። ዛሬ የአሜሪካኖቹ የኮሌጅ ፉትቦል ዋንጫ የሚለየው በአሥራ ሁለት ቡድኖች ጥሎ ማለፍ ነው። የእሱ ቡድን ሁለቴ በመሸነፉ አሥራ ሦስተኛ ሆኖ ቀርቷል። "ፌር አይደለም" አለኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ወንድሜ ናኦድ ዘንድ ሄዶ ነበር።

ናኦድን በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ግሬፕቫይን ፓርክ ውስጥ እግር ኳስ ሲጫወት ያደገ ልጅ ነው። ሃይስኩል ሲገባ እግሩን ያዩ የፉትቦል አሠልጣኞች ኪከር አደረጉት፤ ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መሃል አሻግሮ ነጥብ የሚያስቆጥር ማለት ነው። በዚሁ እግሩ ከዳላስ በስተምዕራብ ባለ አንድ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘ።

አባባ ኤርፖርት ውስጥ ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ጨዋታው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የእሳቸው ሺፍት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያንን ሺፍት ለቀው አያውቁም። በእረፍታቸው ሬዲዮ ይከፍቱና፣ እንግሊዝኛው እያመለጣቸውም ቢሆን፣ አስተላላፊው የልጃቸውን ስም አጣሞ እስኪጠራ ይጠብቃሉ።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ ሊገባደዱ ሲሉ ነው። የናኦድ የመጨረሻ ዓመት ነበር። የቴክሳስ ሙቀት ለቆን የኦክ ዛፍ ቅጠል መንገዱን እስኪያለብስ ድረስ ቡድኑ የገጠመውን ሁሉ አሸነፈ። ያልተሸነፈ ለፍጻሜ እንደሚደርስ አባባ ጥርጥር አልነበራቸውም። "ፍጻሜውን ሄጄ አየዋለሁ" ብለው ለዚያ ሳምንት ቫኬሽን አስፈቀዱ።

ውጤቱ የተነገረው እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ጾም ስለነበር የምስር ሳምቡሳ ይዘን ቴሌቪዥኑን ከበብን። ያኔ ለዋንጫ የሚጋጠሙት ሁለት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም የሚመረጡት በአሠልጣኞችና በባለሙያዎች ድምፅ እንዲሁም በኮምፒውተር ስሌት ነበር። የናኦድ ቡድን አራተኛ ወጣ።

"ማን አሸነፋችሁ?" አሉት አባባ።

"ማንም።"

"ታዲያ ማን አስቀራችሁ?"

"ቮት አድርገው ነው፣ አባባ። ማለቴ… የገጠማችኋቸው ቡድኖች ደካሞች ናቸው ይሉናል።"

"ጠንካሮቹን ለምን አልገጠማችሁም?"

"እነሱ አይፈልጉንም። ብናሸንፋቸው ያፍራሉ፤ ቢያሸንፉን ምንም አያተርፉም።"

አባባ ሳምቡሳውን ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡ። "ሳይገጥሙ እንዴት ይታወቃል፣ ልጄ?"



እንደ ማጽናኛ ለናኦድ ቡድን ሌላ ስቴት ውስጥ አንድ ትልቅ ጨዋታ ተሰጠው። ቀኑ ግን ከፍጻሜው ይቀድማል። አባባ ቫኬሽናቸውን ወደዚያ ለማዞር ቢለምኑ፣ አለቃቸው መንገደኛ የሚበዛበት ሰሞን ነው ብሎ እምቢ አላቸው። ናኦድ ከሩቅ በመታት ኳስ ቡድኑ አሸነፈ። አንድም ሳይሸነፉ ዓመቱን ጨረሱ። አባባ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ እየነዱ ነበር።

የፍጻሜው ዕለት ደርሶ አባባ ቤት ዋሉ። ጸጉራቸውን ተስተካክለው፣ የናኦድን ቡድን ሹራብ ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ ሌሎች ሁለት ቡድኖች ይጫወታሉ። ናኦድ አጠገባቸው ነበር።

አንዱ ኪከር ሲገባ፣ "ያንተ ቦታ ይሄ ነው?" አሉት።

"አዎ፣ አባባ።"

"አንተም እንዲህ ነው የምትመታው?"

"ትንሽ ይለያል።"

"እስቲ አሳየኝ።"

ናኦድ ተነሣ። ምንጣፉ ላይ ወደ ኋላ ተራመደ፣ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መጥቶ እግሩን በባዶ አየር ሰነዘረ። አባባ እንደገና እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ከዚያ በኋላ ወደ ቴሌቪዥኑ አልዞሩም።

ናኦድ ወደ ፕሮፌሽናል አልገባም፤ ዛሬ ነርስ ነው። አባባ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጃቸውን የኮሌጅ ሜዳ ላይ አንድም ቀን ሳያዩት ሄዱ። አንድ ጊዜ ናኦድን አሁንም ይቆጨው እንደሆነ ጠይቄው ነበር። "ብንሸነፍ ኖሮ ይወጣልኝ ነበር" አለኝ።

ከምሳ በኋላ ወጣቱ መኪናው ድረስ እያማረረ ሄደ። እውነቱን ነው፤ አሥራ ሦስተኛ መሆን ያናድዳል። ግን እሱ የቡድኑን ሁለት ሽንፈቶች አንድ በአንድ ሊነግረኝ ይችላል። የት ላይ እንደቀሩ ያውቃል። ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ አያውቅም።