ሱሪ ያላስወለቀው ሐኪም

ባለቤቴ ወታደር ነበር። ከጦርነቱ የተረፈለት ግራ ጉልበቱ ውስጥ የቀረ የፈንጂ ስብርባሪ ነው። ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ካሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ናይሮቢ ኪሊማኒ ሰፈር ስንኖር፣ የአካል ጉዳት ጡረታ እንዲሰጠው ወደ አገራችን አመለከትን። «እዚያው ሐኪም ይመርምረው» የሚል መልስ መጣ።

ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል። ሐኪም ፊት ተዝረክርኮ አይቀረብም ብዬ ሙሉ ልብሱን ተኮስኩለት፣ ጫማውን ወለወልኩ። እሱ ደግሞ ከዘራውን በር ላይ አቆመው፤ በትልቅ ሰው ፊት ተደግፎ መቆም ነውር ነው አለ። ጥርሱን ነክሶ ቀጥ ብሎ ገባ።

ሐኪሙ እንዴት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ልጃችን ተረጎመችለት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ።

ምርመራው ይኸው ነው። ሐኪሙ ሱሪ አላስወለቀ፣ ጉልበት አልነካ። ቆይቶ «ጤነኛ ነው፤ ያለችግር ይራመዳል» የሚል ውሳኔ መጣ።

«ተይው በቃ፣ መንግሥት ወስኗል» አለ ባለቤቴ።

«መንግሥት ጉልበትህን መቼ አየው?»

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ይግባኝ ለመጻፍ ይበቃል። «የተመረመረው ሙሉ ልብሱ ነው። ልብሱ ጤነኛ መሆኑን እኔም እመሰክራለሁ። አሁን ጉልበቱ ይመርመርልን» ብዬ ጻፍኩ።

«እማዬ፣ ለቢሮ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም!» አለች ልጄ። እንዳለ ላክሁት።

ፈቀዱልን። ሁለተኛዋ ሐኪም እዚያው ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ነበረች። ገና ከመግባታችን ሱሪውን እንዲያወልቅ አዘዘች። ልጃችን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተረጎመች።

ሐኪሟ እግሩን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ሁለቱን ጭኖቹን በሜትር ለካች። ግራው ከቀኙ በጣም ቀጥኗል። ቁጢጥ በል አለችው፤ ቁጢጥ አለ። ተነሣ ስትለው ግን አልቻለም።

«ያምሃል?»

«ደህ...» ብሎ ሲጀምር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሰላምታ አይደለም የጠየቀችህ!» አልኩት።

ወለል ወለሉን አየ። «በጣም ያመኛል» አለ። ልጃችን ግድግዳውን እያየች ትንሽ ዘግይታ ተረጎመች።

ይግባኙ መጽደቁን የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰን እንግዶች ቤታችን ተቀምጠው ሳሉ ነው። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እንግዲህ ጉዳተኛ ነኝ ማለት ነው?»

«ነህ።»

«እስከ ዛሬስ?»

«እስከ ዛሬም ነበርክ። ወረቀት ነው ያልነበረህ።»

ከዚያ በርጩማ ሳበና፣ በእንግዶቹ ፊት፣ ግራ እግሩን ላዩ ላይ ዘረጋ።